የማይነቃው ዲናሞ

በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ምን መደረግ እንዳለበት ሥርዓቱን የሠሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያው የቤቱ እመቤት የአዋላጇ አባት፣ ሰዓት ሠሪው ናቸው፤ የቆመ ሰዓት ሲመጣላቸው ክዳኑን ከመክፈታቸው አስቀድሞ ለባለቤቱ ወንበር ሰጥተው፣ ሰዓቱ በቆመበት ዕለት እሱ ራሱ ምን ሲሠራ እንደዋለ ይጠይቁት ነበር፤ ብዙው ሰው መልሱን ሳይጨርስ ሰዓቱ ወድቆበት እንደነበር ትዝ ይለውና አፍሮ ይሥቃል። ሁለተኛዋ የአዋላጇ እናት፣ በማዋለጃ ክፍል ውስጥ ለወጣት ሐኪሞች ሁሉ ሽብር የነበሩት ናቸው፤ እጃቸውን ሳያሞቁ የማንንም ሆድ አልዳሰሱም፣ ሳይዳስሱም ስለ ማንም ሆድ ትንፍሽ አላሉም። ሦስተኛው የአዋላጇ ባለቤት፣ መንገድ ቀያሹ ነበሩ፤ መኪናዪቱን መቀመጫዋ ላይ ያለው ላስቲክ ሳይነሣ ገዝተው አምጥተው፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ጠዋት ጠዋት ኮፈኗን ከፍተው ሞተሯን ያዳምጡ ነበር፤ ባዳመጡም ጊዜ በግቢው ውስጥ ማንም ጉሮሮውን እንኳ መጥረግ አይፈቀድለትም። እነዚህ ሰዎች የሠሩት ሥርዓት አጭር ነበር፤ መጀመሪያ ይጠየቃል፣ ቀጥሎ ይዳሰሳል፣ በመጨረሻ ይፈረዳል። ተተኪው ትውልድ፣ ምስጋና ይግባውና፣ ጊዜ ለመቆጠብ ሲል ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል፤ ዛሬ መጀመሪያ ይፈረዳል፣ ቀጥሎ ዕቃ ይገዛል፤ መጠየቁ፣ ጊዜ ከተረፈ፣ በመጨረሻ ይታሰብበታል።

አዋላጇ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ጆሯቸው ግን አብሯቸው ጡረታ አልወጣም። በዚያ ሐሙስ ጠዋት ከመኝታ ክፍላቸው ተነሥተው በጠባቡ ኮሪደር በኩል ወደ ቁርስ ሲያመሩ፣ የመመገቢያው ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። ከበሩ ወዲያ ልጃቸው ለእኅቱ የፍርድ ውሳኔ እያሰማ ነበር።

«ባትሪው አዲስ ነው። ዲናሞው አዲስ ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ እንኳ አዲስ ነው። እዚያች መኪና ላይ የቀረ አሮጌ ነገር ቢኖር ሾፌሯ ናት።»

እኅቱ ሣቀች። ሣቋን ወዲያው ዋጠችው፤ ይሁን እንጂ ሣቅ እንደ ሻይ አይደለምና ከተዋጠም በኋላ ይሰማል።

«መኪናዋን የሚገዛው ሰውዬ ከሰዓት በኋላ መጫኛ መኪና ይዞ ይመጣል» አለ ልጁ ቀጥሎ። «ዓይኗን ስትታከም የሰጠችኝ ውክልና እጄ ላይ ነው። ለሷም ዕረፍት ነው።»

«ብታዝንስ?»

«ሰሞኑን ታዝናለች። ከዚያ ትለምደዋለች።»

አዋላጇ በሩን ገፍተው ገቡ። በክፍሉ ውስጥ በዚያች ቅጽበት ስለ ስኳር የሚደረግ እጅግ ጥልቅ ውይይት ተጀመረ፤ ስኳሩ የት እንደተቀመጠ፣ ማን እንደጨረሰው፣ ከየትኛው ሱቅ ቢገዛ እንደሚሻል። ሁለት የተማሩ ጎልማሶች በስኳር ጉዳይ ይህን ያህል ሲጨነቁ ያየ ሰው አገሪቱ በስኳር እጦት ልትጠፋ ነው ብሎ ባሰበ ነበር። አዋላጇ በጠረጴዛው ራስ ወንበራቸውን ሳቡ፣ አበባ የታተመበትን የፕላስቲክ ጠረጴዛ ልብስ በመዳፋቸው አንድ ጊዜ አስተካከሉ፣ ዳቦ ቆረሱ። ማንም ማንንም አላየም። ልጁ ስልኩን አየ፤ ልጅቷ የብርጭቆዋን ቂጥ አየች፤ እናታቸው በመስኮቱ በኩል ግቢውን፣ በግቢውም ውስጥ በታጠፈ ብርድ ልብስ ኮፈኗ የተሸፈነላትን መኪና አዩ።

ክሱ እንዲህ ነው። መኪናዪቱ የፊት መብራቶቿ ክብ፣ በሯ እንደ ባንክ ካዝና የሚከብድ፣ ቀለሟ ወተት የበዛበት ሻይ የሚመስል አሮጌ መኪና ናት። ከጥቂት ወራት ወዲህ አዋላጇ ይዘዋት ወጥተው በሰላም የተመለሱበት ቀን እየተመናመነ ሄደ፤ ሲሄዱ ደህና ትሄዳለች፣ ሲመለሱ ግን መብራቷ እየደበዘዘ፣ ክላክስዋ እንደ ጉንፋናም ሰው እየተቆራረጠ ይመጣና፣ አንዴ ከጠፋች ቁልፉ ሲዞር ጠቅ ብቻ ብላ ዝም ትላለች። በዚያን ጊዜ አዋላጇ ቦርሳቸውን ታቅፈው መንገድ ዳር ይቆማሉ፤ አላፊ አግዳሚውም ገፍቶ ያስነሣላቸዋል። ልጃቸው በአንድ የመድን ድርጅት ውስጥ የአደጋ ካሳ ገምጋሚ ነው፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በመወሰን ደመወዝ የሚበላ ሰው ነውና ይህችን ጉዳይ ለሌላ አሳልፎ ሊሰጥ ክብሩ አልፈቀደለትም። ባትሪ ገዛ፤ አልረዳም። ዲናሞ ገዛ፤ አልረዳም። ቺንጋ ገዛ። ከዚያ በኋላ፣ የሚገዛ ነገር ሲያጣ፣ ወደ ሳይንስ ዞረና ራሱ ነድቶ ሊፈትናት ወሰነ። በሰፊው መንገድ ላይ ሞተሯን እያስጮኸ ዞሮባት ሲመለስ ባትሪዋ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። በሌላ ቀን ደገመው፤ አሁንም ሞላ። እናትየው በማግስቱ ይዘዋት ወጡ፤ በገመድ ተጎትታ ተመለሰች። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከወዴት ይመጣል? ልጅ ሲነዳት ትሞላለች፣ እናት ሲነዷት ትጎድላለች፤ ስለዚህ የጎደለው ነገር ያለው እናትየው ዘንድ ነው። አዋላጇ ቀስ ብለው እንደሚነዱ አይክዱም። ምጥ የያዛት ሴት ከኋላ አስተኝቶ በኮረኮንች መንገድ ሌሊቱን የተጓዘ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ፍጥነት አያምረውም።

«ሐሙስ ነው፤ እኅቴ ዘንድ መሄዴ ነው» አሉ አዋላጇ ቁልፉን ከመስቀያው አንሥተው።

ልጁ ከስልኩ ቀና አለ። «ዛሬ ብትቀሪስ እማዬ? የሚያደርስሽ አይጠፋም።»

«የሚያደርስሽ አይጠፋም» ማለት በቤተሰብ ቋንቋ የሚያደርስሽ የለም ማለት ነው፤ ይህን የማያውቅ እናት የለም። አዋላጇ ወጡ። በግቢው ውስጥ ብርድ ልብሱን ከኮፈኗ ላይ አንሥተው አጣጠፉ፣ ሌሊቱን ባትሪዋን ሲመግብ ያደረውን የቻርጀር ገመድ ነቀሉ፣ አስነሥተዋት በዝግታ ከበሩ ወጡ። ልጁ በመስኮት እያየ ሰዓቱን ተመለከተ። ከሰዓት በኋላ ድረስ የትም ብትቆም አስጎትቶ ለማምጣት አስቦ ይሆናል፤ ለመጫኛው መኪና እንደሆነ ተጎትታ መጣች በራሷ መጣች ልዩነት የለውም።

አዋላጇ ግን በቀጥታ ወደ እኅታቸው አልሄዱም። ከሦስት ጎማ ጠጋኞች ቀጥሎ፣ ከዛገ ቆርቆሮ በተሠራ ቤት ውስጥ፣ ሠፈሩ ሁሉ «ዶክተር» የሚለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ። በግድግዳው ላይ የሞቱ ዲናሞዎች በሽቦ ታስረው እንደ ሽንኩርት ጕንጕን ተንጠልጥለዋል፤ ከአንድ ሚኒባስ የተነቀለ መቀመጫ ለእንግዳ ተዘርግቷል፤ በመቀመጫውም ላይ ሁልጊዜ የሚገኘው እንግዳ ዶክተሩ ራሱ ነው።

«ማዘር፣ ዲናሞው ሞቷል» አለ፣ አዋላጇ ገና ከመኪናው ሳይወርዱ።

«ሳታየው?»

«የመጡበት ድምፅ ይበቃኛል።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከዶክተሮች ጋር ስሠራ ኖሬያለሁ» አሉ አዋላጇ። «ከመቀመጫው ሳይነሣ ሞት የሚያውጅ ዶክተር ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው። በል ተነሥና ዳስሳት።»

ዶክተሩ ሣቀና ተነሣ፤ እናቱ ያስነሣችው ይመስል ሱሪውን እየሳበ። ኮፈኑን ከፈተና ዲናሞውን አይቶ ፉጨት አሰማ። «ይሄ እኮ አዲስ ነው።»

«አዲስ ነው።»

«እንግዲያው አዲስ ሆኖ ሞቷል። አሁን የሚመጡት እንደዚህ ናቸው። እኔ ጋ ጥሩ አሮጌ አለ፣ እሱን ልግጠምልዎት።»

«ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንዳደረጋት አትጠይቀኝም?»

«ምን ይረባኛል ማዘር? እኔ የምሠራው የዛሬውን ነው።»

አዋላጇ በሚኒባሱ መቀመጫ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡና ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። በማዋለጃ ክፍል ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም ገብቶ መቀስ ሲጠይቅ እንዲህ ነበር የሚቀመጡት፤ ሐኪሙ በራሱ ጊዜ መቀሱን ያስቀምጥ ነበር። ዶክተሩም ዲናሞውን ትቶ ቮልት የሚለካበትን ቴስተር አነሣ። የቴስተሩን ቀይና ጥቁር ሹል ጫፎች በባትሪው ራሶች ላይ አሳርፎ፣ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ሳለ ቁጥሩን አነበበ። ዐሥራ ሁለት ቮልት፤ ያም ቀስ በቀስ ወደ ታች የሚንሸራተት። ደህና ዲናሞ ቢሆን ዐሥራ አራት ያህል ማሳየት ነበረበት። «አልተባለም?» የሚል ፊት አሳየና እጁን ወደ ነዳጅ መስጫው ሰዶ ሞተሩን አስጮኸው። ቁጥሩ ዘለለ። ዐሥራ አራት።

«ይኸውልዎት!» አለ ዶክተሩ፣ ከደቂቃ በፊት የቀበረውን ዲናሞ ሲነሣ አይቶ ምንም ሳያፍር። «ደህና ነው! ልክ ነው! ሲነዱ ጨከን ብለው መርገጥ ነው እንጂ። ቀስ ብለው ይነዳሉ መሰለኝ።»

«ልጄም እንዲሁ ይላል።»

«ልጅዎ ያውቃል።»

አዋላጇ ከዶክተሩ አፍ የልጃቸውን ፍርድ ቃል በቃል ሲሰሙ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቀጥ ብሎ የቆየው ጀርባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መደገፊያውን ነካ። ምናልባት እውነት ነው። ምናልባት መኪና እንደ ሰው ነው፤ ካረጀ ሰው ጋር ሲውል ያረጃል። ቁልፉን ለልጃቸው ሰጥተው፣ ብርድ ልብሱን ወደ ቁም ሣጥን መልሰው፣ ሐሙስ ሐሙስ በመስኮት በኩል ባዶ ግቢ ማየት መልመድ ይቻላል። ሰው ስንቱን ለምዷል።

ዓይናቸው ግን በቴስተሩ ላይ ነበር። ዶክተሩ ነዳጅ መስጫውን ለቆ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነው። ሞተሩ ወደ ቀድሞ ዝግታው ተመልሷል።

«ቁጥሩ ስንት ይላል?» አሉ አዋላጇ።

«ዐሥራ አራት። ነገርኩዎት እኮ፣ ደህና ነው።»

«ሞተሩ አሁን በዝግታ ነው የሚዞረው?»

«አዎ።»

«ቅድምስ?»

«ቅድምም በዝግታ።»

«ታዲያ በቅድሙ ዝግታ ያልሠራ በአሁኑ ዝግታ ለምን ሠራ?»

ዶክተሩ ሞተሩን አጠፋና እንደገና አስነሣው። ዐሥራ ሁለት። አስጮኸው፤ ዐሥራ አራት። ለቀቀው፤ እዚያው ዐሥራ አራት ላይ ቆመ። እንደገና አጥፍቶ ሲያስነሣው ዐሥራ ሁለት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያደርገው አዋላጇ ከመቀመጫው ተነሥተው አጠገቡ ቆመው ነበር።

«ይሄ ደካማ አይደለም» አሉ። «ሲወለድ ያልጮኸ ሕፃን ነው። አንዴ እግሩን መታ አድርገህ ካስጮኸኸው በኋላ ትንፋሹን ራሱ ይችላል። እናንተ ሁላችሁ ሳንባው ታሟል ትላላችሁ። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። የዲናሞን እግር መታ የሚያደርገው ማነው?»

ዶክተሩ ራሱን አከከ። ለእውነቱ ከሆነ ዕውቀቱ ነበረው፤ ነገር ግን ዲናሞ በመሸጥ ብዛት የዲናሞ ነገር ከተረሳው ሰንብቷል። «ሲነሣ ባዶ ነው እሱ» አለ በዝግታ፣ ለራሱ እንደሚያስረዳ። «የመጀመሪያዋን ቅምሻ ከባትሪው ነው የሚያገኘው። እሷ ደግሞ የምታልፈው በ… በዳሽቦርዱ በቀይዋ መብራት ውስጥ ነው። የባትሪ ሥዕል ባለባት። ያን ከቀመሰ በኋላ የራሱን ያመነጫል። ካልቀመሰ ግን በኃይል ካላስጮኹት በቀር አይነቃም።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቁልፉን ከፈተ፤ ሞተሩን ሳያስነሣ። ዳሽቦርዱ በሰማያዊ ብርሃን ተጥለቀለቀ። የባትሪ ሥዕል ያለባት መስኮት ግን እንደ ጨለመች ቀረች። «ማዘር፣ ይቺ መብራት አትበራም እንዴ?»

አዋላጇ መነጽራቸውን አደረጉ። በዚያ ሰማያዊ ጎርፍ ውስጥ አንዲት ቀይ መብራት መጥፋቷን ማስተዋል ቀላል አልነበረም።

«እሺ» አለ ዶክተሩ፣ ሽንፈቱን በጸጋ እንደሚቀበል ሰው። «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው?»

«ከልደቴ ጀምሮ።»

«እንግዲያ ለረጅም ዘመን ታግሠዋል!»

አዋላጇ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቁ። ከዚያ ነገሩት። ባለፈው የልደት ቀናቸው ልጃቸው በስልኩ ትምህርት እየተመለከተ የዳሽቦርዱን አሮጌ አምፖሎች በሙሉ ነቅሎ፣ ሰማያዊ የሚያበሩ ቆጣቢ አምፖሎች ሰክቶላቸው ነበር። ስጦታ ነበር። ቤተሰቡ ግቢው ውስጥ ቆሞ አጨበጨበ፤ ከዚያን ዕለት ጀምሮ የመንገድ ቀያሹ መኪና ውስጧ የጭፈራ ቤት መሰለ። ቀይዋ መብራት ጨርሶ መብራት መተዋንም ልጁ በጥሩ ጎኑ ነበር የተመለከተው። «አየሽ፣ አሁን ምንም ችግር የላትም» ብሏቸው ነበር፤ ችግር ተናጋሪውን አፍ መዝጋት ችግሩን እንደ መፍታት ይቆጠራልና፣ በቤትም በመሥሪያ ቤትም።

ዶክተሩ የዳሽቦርዱን ጀርባ ፈትቶ አምፖሏን በጣቶቹ መካከል ይዞ ወጣ፤ ከምስር ብዙ የማትበልጥ ነገር። «ተገልብጣ ነው የገባችው» አለ። «እነዚህ እንደ ድሮዎቹ አይደሉም፣ ፊትና ጀርባ አላቸው። ተገልብጠው ሲገቡ ምንም አያሳልፉም። ግን ብትቃናም ለዲናሞው የሚሆን አታሳልፍም፤ ሥሥታም ናት፣ ቁጠባ ነው ሥራዋ።» ከአንድ የወላለቀ የጭነት መኪና ዳሽቦርድ ላይ ወፍራም ሽቦ ያለባት አሮጌ አምፖል ነቅሎ አምጥቶ ሰካ። ቁልፉን ሲከፍት ቀይዋ መብራት እንደ ተቆጣ ዓይን በራች። ሞተሩን ሲያስነሣው ወዲያው ጠፋች። ቴስተሩ ዐሥራ አራት አለ። ማንም ምንም አላስጮኸም። የፊት መብራቱን አበሩ፣ መጥረጊያውን አስነሡ፣ ክላክሱን ነፉ፤ ቁጥሩ ነቅነቅ አለና በቦታው ጸና። ክላክሱን የነፉት አዋላጇ ናቸው፤ ጎማ ጠጋኞቹ ሦስቱም ዞረው እስኪያዩዋቸው ድረስ።

ዶክተሩ ለአምፖሏ ምንም አላስከፈላቸውም፤ ያስከፈላቸው ለምርመራው ነው። አዋላጇ ሳይከራከሩ ከፈሉት። ለሌሎች ዶክተሮችም እንዲሁ ሲከፈል አይተዋል፤ በሽተኛው ራሱ በሽታውን ሲነግራቸው።

ከዚያ በኋላ የፊት መብራታቸውን በጠራራ ፀሐይ አብርተው፣ የከተማውን መኪና ሁሉ ከኋላቸው አሰልፈው፣ በለመዱት ዝግታ ወደ እኅታቸው ነዱ። ታላቅ እኅታቸው በከተማው ማዶ፣ አውቶቡስ በማይደርስበት ዳገት ላይ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ተኝተው ነው የሚኖሩት፤ እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል። የተቀጠረችላቸው ሴት ታበላቸዋለች፣ ታጠጣቸዋለች፤ ገልብጣ ጀርባቸውን ማየት ግን ትጸየፋለች። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ አዋላጇ እጃቸውን ታጥበው፣ አሙቀው፣ እኅታቸውን በጎናቸው ያስተኙና የተላጠውን ቆዳ አጥበው ቅባት ይቀቡላቸዋል። በዚህ ጊዜ ሁለቱ እኅትማማቾች ብዙም አይነጋገሩም። በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የውሃው ድምፅና ከመስኮቱ ውጭ የሚያልፍ ሰው ኮቴ ነው።

«ልጅሽ ደውሎ ነበር» አሉ ታላቂቱ፣ ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንደ ዞረ።

«ምን አለሽ?»

«ሐሙስ ሐሙስ መምጣቱ ከብዷታል አለኝ። በወር አንድ ቀን ራሱ ያመጣሻል፤ ሥራ ካልበዛበት።»

አዋላጇ ጨርቁን በውሃው ውስጥ ጨመቁት። «አንቺስ ምን አልሽው?»

«እግዜር ይስጥህ አልኩት። ከዚህ አልጋ ላይ ሆኜ ሌላ ምን ልበለው ኖሯል?»

በወር አንድ ቀን። አዋላጇ የእኅታቸውን ጀርባ አዩ፤ በሳምንት ውስጥ ምን እንደሚሆን ያውቃሉና በወር ውስጥ ምን እንደሚሆን ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም። ቅባቱን ቀብተው፣ አንሶላውን አስተካክለው፣ ግንባራቸውን ስመው «ሐሙስ እመጣለሁ» ብለው ወጡ። በዳገቱ ላይ መብራቷን አጥፍታ ስትጠብቅ የቆየችው መኪና በመጀመሪያው የቁልፍ ዙር ተነሣች።

ቤታቸው ሲደርሱ መጫኛው መኪና የግቢውን በር ዘግቶ ቆሟል። ገዢው፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚሄድ ባለ ሆቴል፣ ከሁለቱ ልጆቻቸው ጋር በአጥሩ ጥላ ሥር ቆሞ ስለ ዕቅዱ ያስረዳ ነበር። መኪናዪቱን በሆቴሉ በር ላይ ሊያቆማት ነው፤ ጎማዋን አውልቆ፣ ኮፈኗን ከፍቶ፣ በሞተሯ ቦታ አፈር ሞልቶ አበባ ሊተክልባት። ለሙሽሮች ፎቶ ግራፍ እጅግ ያማረ ነገር ይሆናል። «መነሣቷ ግድ አይሰጠኝም» ይል ነበር ባለ ሆቴሉ፣ ልግስናው ራሱን እያስገረመው፣ ልክ በዚያች ቅጽበት መኪናዪቱ በገዛ እግሯ፣ መብራቷን አብርታ፣ ድምፅ ሳታሰማ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

አዋላጇ አልወረዱም። ሞተሩን እንዳሠሩት መስኮቱን ዝቅ አድርገው ልጃቸውን በጣታቸው ጠሩት። እሱም መጥቶ በጎናቸው ተቀመጠ።

«ማን ገፋልሽ?» አለ።

«ማንም።»

«ታዲያ እንዴት…»

አዋላጇ ሞተሩን አጠፉ። ቁልፉን ከፈቱ፤ ቀይዋ መብራት በራች። አስነሡት፤ ጠፋች። ከዚያ ከቦርሳቸው ኪስ አንዲት ነገር አውጥተው በልጃቸው መዳፍ ላይ አኖሩ። «ይቺን ታውቃታለህ?»

«ቆጣቢዋ አምፖል ናት። እኔ የሰካሁልሽ።»

«ተገልብጣ ነበር። ዲናሞው የሚነቃው በሷ በኩል በሚያገኘው ቅምሻ ነው። አንተ ስታስጮኸው በድንጋጤ ይነቃል። እኔ አላስጮህም።»

ልጁ ሞኝ አልነበረም። ሰው ሞኝ ሳይሆን ይህን ሁሉ ዕቃ መግዛት መቻሉ ነው የሚያስገርመው። አምፖሏን አገላብጦ አየ፤ ከዚያ ዳሽቦርዱን፣ ከዚያ የእናቱን እጆች በመሪው ላይ፣ ከዚያ በመስኮቱ ውጭ እኅቱን። እኅቱ አልሣቀችም፤ ወደ መኪናው ሁለት እርምጃ ተጠግታ ቆማ ነበር። አዋላጇም ስለ ሐሙስ አነሡበት፤ ብዙ አልተናገሩም፤ «አክስትህ ጀርባዋ በሳምንቱ ይላጣል፤ እኔ ዛሬ አይቼው መጣሁ» ብቻ አሉት። የልጁ ጆሮ ከታች ጀምሮ ቀላ።

ባለ ሆቴሉ መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለ። «እናቴ፣ እንደምን ዋሉ። እንጫን እንዴ?»

«ውክልናው ያለው እሱ ዘንድ ነው፤ እሱን ጠይቀው» አሉ አዋላጇ።

ልጁ ከመኪናው ወርዶ ኮቱን አስተካከለ፣ በመሥሪያ ቤት ድምፁም ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ አንድ ትንሽ ስህተት ተፈጥሯል።»

ይህች ዓረፍተ ነገር ባለቤት የላትም። ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ስትዘዋወር የኖረች፣ ብዙ ሹማምንትን ያሳደረች፣ ማንንም አስወቅሳ የማታውቅ ታማኝ ዓረፍተ ነገር ናት።

«ተፈጥሯል ማለት?» አለ ባለ ሆቴሉ። «ዝም ብሎ በራሱ ተፈጠረ? መጫኛ ተከራይቼ፣ አፈር አስጭኜ የመጣሁ ሰው ነኝ እኔ። ማነው የፈጠረው?»

«የመረጃ ክፍተት ስለነበረ…»

«ማነው የፈጠረው ወንድሜ?»

ልጁ ወደ መኪናው ዞር ብሎ እናቱን አየ። ሊረዱት ይችሉ ነበር፤ ስንቱን ጊዜ ረድተውታል። አዋላጇ ግን የልጃቸው ድምፅ በደንብ እንዲሰማ ብለው ቁልፉን አዞሩና ሞተሩን አጠፉለት። መንገዱ ጸጥ አለ።

«እኔ ነኝ» አለ ልጁ። ድምፁ ከኮቱ በጣም ያነሰ ነበር። «አምፖሏን ገልብጬ የሰካሁት እኔ ነኝ። መኪናዋ ምንም አልሆነችም። እናቴም ምንም አልሆነችም፤ ሆናለች እያልኩ ሳወራ የከረምኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»